የስኬች ደብተርና በጀበናው እጀታ መሀል ያለው ባዶ

የሥዕል ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ከሁሉ የሚንገላታው ዕቃ የስኬች ደብተሩ ነው። ማዕዘኑ ይታጠፋል፣ ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ ቂጥ ክብ ምልክት ይጥልበታል፣ ገጾቹ በእርሳስ ብናኝ ይጠቁራሉ። ዐውደ ርእይ ሲከፈት ሸራው ፍሬም ገብቶ ግድግዳ ላይ ይወጣል፤ ደብተሩ አልጋ ሥር ይቀራል። እኔ ግን አንድ ተማሪ የት እንደደረሰ ለማወቅ ስፈልግ አስቀድሜ የምጠይቀው ያንኑ ደብተር ነው።

ስለ መሣሪያው ብዙ የሚባል የለም፦ ወረቀት፣ እርሳስ፣ መቅረጫ። እርሳሱ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይትና ሸክላ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ የመተኮሱን ብልኀት ፈረንሳዊው ኮንቴ በ1795 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዝግቧል። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፤ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። ለስኬች ቱ ቢ ወይም ፎር ቢ የተጻፈበት እርሳስ ይበቃል። ሙሉ የእርሳስ ስብስብ ካልገዛሁ አልጀምርም የሚል ተማሪ፣ መሣል እንደማይፈልግ በጨዋ ደንብ እየነገረን ነው።

ሥዕል እንዴት ይማሩታል የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተሰብ የወጡ፣ በቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት የተማሩ ሰው ነበሩ። በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ሁለቱ የሕይወታቸው ምዕራፎች ሁለት ዓይነት ትምህርትን ያሳያሉ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተማሪ ከቀደሙት ሥራዎች እየቀዳ ያድጋል፤ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዐይኑ፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዐይኑ መሣል የተወረሰ ሥርዐት ነው። በዘመናዊው ክፍል ደግሞ ተማሪው ከፊቱ የተቀመጠውን አይቶ እንዲሥል ይጠየቃል። ሁለቱም መንገድ የራሱ ክብር አለው። ክብር የሌለው ሦስተኛው ነው፦ አይቼ ሣልኩ እያሉ ከጭንቅላት መቅዳት።

ጀበናን እንውሰድ። ክብ ሆድ፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ ጎበጥ ያለ እጀታ፦ ማንም ሳያይ ይሥለዋል፤ በየቡና ቤቱ ታፔላ ላይ ያለው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ጋር መንገድ ዳር ቡና ስንጠጣ፣ ልጁ ደብተሩን አውጥቶ የባለ ቡናዋን ጀበና ሣለ። ጥላው ሳይቀር ያማረ ነበር። እሷ ሲኒ ልታነሣ ጎንበስ ስትል አየችውና፣ “ወንድሜ፣ ይሄማ የእኔ ጀበና አይደለም። የእኔዋ አንገቷ ወደ እጀታው ዘመም ያለ ነው” አለችው። ማቶቱ ላይ የተቀመጠችውን ሁለታችንም አየናት። እውነቷን ነው።

ገጹን ገልብጦ ጀበናዋን እንዳይሥላት ነገርኩት። እጀታው፣ አንገቱና ሆዱ የከበቡትን ባዶ ቦታ ብቻ ሣል አልኩት። ሣቀና ጀመረ። ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ያለ፣ አንዱ ጎኑ ያጋደለ፣ ሌላው የጎበጠ፣ ስም የሌለው ቅርጽ ወጣው። ዙሪያውን ሲጨምርበት የሴትዮዋ ጀበና ከነመዝመሟ ብቅ አለች።

ምሥጢሩ ቀላል ነው። ጭንቅላታችን ለጀበና የተዘጋጀ ሥዕል አለው፤ በአንገቱና በእጀታው መሀል ላለው አየር ግን ምንም የለውም። የሚቀዳው ሲያጣ ዐይን ሥራውን ይጀምራል። ሌላም ጥቅም አለው፦ የጀበናው ጠርዝና የክፍተቱ ጠርዝ አንድ መስመር ነው፤ ስለዚህ ክፍተቱ ከሰፋ ወይ አንገቱ፣ ወይ እጀታው ቦታውን ስቷል ማለት ነው። ያለ ማስመሪያ ስሕተትን የሚያጋልጥ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። አሜሪካዊቷ መምህርት ቤቲ ኤድዋርድስ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ልምምድ ለብዙ ሰው አስተዋውቃለች። ስለ ቀኝና ግራ አንጎል የሰጠችው ማብራሪያ ሳይንሱ ከሚለው በጣም የቀለለ ነው፤ ልምምዱ ግን ያለ ማብራሪያውም ይሠራል።

ክፍተት የሌለበት ነገር ደግሞ የለም። በበርጩማ እግሮች መሀል አለ፤ ወገቡን በያዘ ሰው ክንድና ጎን መሀልም አለ። ሞዴሉ ለአንድ ደቂቃ ፖዝ ሲቆም ጣት የሚቆጥር ተማሪ ደቂቃው ያልቅበታል፤ የክንዱን ክፍተት የያዘ ግን አቋቋሙን ያገኛል። በሥዕል ክፍል ሰውና ዕቃው ተሥሎ ባዶው የሚረሳው፣ ባዶ ቦታ “የተረፈ” ስለሚመስለን ነው። ምንም የተረፈ የለም።

አሁን ጥቂት ወቀሳ። ላጲስ የሚያበዙ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉት። የሳተውን መስመር አታጥፉ፤ ትክክለኛውን ከጎኑ ጨምሩ። የሳተው መስመር ምን ያህል እንደሳተ ካልታየ፣ ቀጣዩ በምን ይለካል? ከስልክ ፎቶ ብቻ የምትሥሉም፣ ካሜራው ስፋትና ርቀቱን አስቀድሞ ወስኖላችኋል፤ ከባዱን ሥራ ለእሱ ትታችሁለታል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን በማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊት የሚሞላው ደብተር ነው። ሁሉም ገጽ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጫና፣ በአንድ አምፖል ጥላ። መስከረም ላይ በታክሲ ወረፋ ተሣለ የተባለው ሰውዬና ጥር ላይ በካፌ ተሣለች የተባለችው ሴት አፍንጫቸው አንድ ነው! መምህር አይታለልም፤ ብዙ ጊዜ ግን ዝም ይላል። ጥፋቱም የልጆቹ ብቻ አይደለም። ነጥቡ ለተጨረሰው ሸራ እየተሰጠ፣ የደብተሩ ገጽ ብቻ ከተቆጠረ፣ ተማሪው የሚማረው ገጽ መሙላትን ነው።

ስለዚህ ለጀማሪ የምለው አጭር ነው። ርካሽ ደብተር ግዛ፤ ውዱ ያስፈራል። ቀን ጻፍበት፤ ገጽ አትቅደድ። መምህራንም ደብተር ስትገልጡ ያማረውን ገጽ አትፈልጉ። ያው ጀበና ሦስት ጊዜ ተሥሎ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው የተለየበትን ገጽ ፈልጉ። ነጥብ እንድሰጥ ብጠየቅ እዚያ ነው የምሰጠው።