«ጎበዝ ልጅ አያለቅስም» አትበሉት

ከሕፃናት ካንሰር ክፍል ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ አንድ ልጅ ግን ዛሬም አይረሳኝም። ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን፣ በእጁ የደም ሥር እየገባለት ሳለ «ያቃጥለኛል» ብሎ አለቀሰ። አያቱ «ሲስተርን አታስቸግር፤ ጎበዝ ልጅ አያለቅስም» አሉት። እኔም አጠገቡ የተኛውን ሕፃን እየረዳሁ ስለነበር የተለመደ ለቅሶ መስሎኝ ጥቂት ዘገየሁ። ስደርስ መድኃኒቱ ከደም ሥሩ ወጥቶ እጁ አብጧል። ወዲያው አቆምኩት፤ ቢሆንም ቁስሉ እስኪድን ሳምንታት ፈጀ።

ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ኬሞቴራፒ ሲሰጠው ካቃጠለው፣ ካመመው ወይም ካበጠ ነርሷን ወዲያው ጥሩ። ስሙንና ክብደቱን ደጋግማ ብትጠይቅ አትሰልቹ፤ መጠኑ የሚሰላው በክብደቱና በቁመቱ ነው። ሁለት ነርሶች የሚያመሳክሩትም ስህተት እንዳያልፍ ነው። መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ እስከ 48 ሰዓት ሽንቱንና ትውከቱን ያለ ጓንት አትንኩ። ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን አሳውቁ፤ ማስታገሻ ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ አደገኛ ነው።

እኚያ አያት ክፉ አልነበሩም፤ ጨዋነት መስሏቸው ነው። ነርስ ከአልጋ አልጋ ትዞራለች፤ ከልጁ ጎን የማትለዩት እናንተ ናችሁ። ሲያለቅስ ዝም አታሰኙት፤ ስሙት፣ እኛንም ጥሩን።