የኢድ ከረሜላ እንዴት ይታደላል?

በኢድ ጠዋት፣ ከሶላት መልስ፣ ቀብሪበያ ውስጥ ልጅ የማይገባበት ግቢ የለም። “ኢድ ሙባረክ” ይባላል፣ እጅ ይዘረጋል። ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ሐልዋ፣ ያለው ደግሞ ብር ይሰጣል። መቀበሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማደል ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ግን ባለፈው ኢድ አልፈጥር ሆዮ ሳህኑን አስይዛ በር ላይ ስታቆመኝ ነው።

ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ሳህኑን ዘርግቼ “ውሰዱ” አልኩ። ትልልቆቹ በእፍኝ ዘገኑ፣ ዞረውም ተመልሰው መጡ። ትንንሾቹ ሲደርሱ ባዶ ነበር። አንዲት ልጅ ታናሽ ወንድሟን አዝላ መጣች፣ ሳህኑን አየች፣ ምንም ሳትናገር ሄደች። እስከ ማታ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ይሄ የእኛ ሰፈር ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኦክቶበር 31 ማታ ሃሎዊን የሚባል በዓል አለ። ልጆች የጭራቅና የሌላም ነገር ልብስ ለብሰው በየቤቱ ከረሜላ ይጠይቃሉ። ቤት የማይገኙ ሰዎች ከረሜላውን በሳህን ሞልተው “አንድ አንድ ውሰዱ” የሚል ጽሑፍ በር ላይ ትተው ይሄዳሉ። አንዳንዴ ቀድሞ የደረሰው ጠራርጎ ይወስደዋል። ጽሑፍ እኮ እጅ አይዝም!

የቡሄ ደግሞ ለየት ይላል። አማርኛ መምህራችን እንደነገሩን፣ ነሐሴ 13 እና በዋዜማው ወንዶች ልጆች በዱላ መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ ይጨፍራሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ሙልሙል ዳቦ ወይም ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ጭቅጭቁ የሚመጣው ሲካፈሉ ነው። “ድምፄ እስኪዘጋ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ይጨመርልኝ” የሚል አይጠፋም። እኔ ይገባዋል እላለሁ፣ ደክሟላ። (ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም።) የኢድ ከረሜላ ግን የድካም ዋጋ አይደለም። ታዲያ የሮጠና የገፋ ለምን ይበልጣል?

ዘካተል ፊጥርን እዩት። ድሃውም በበዓሉ ቀን እንዲበላ ከኢድ ሶላት በፊት ይወጣል። ልኩ በቤተሰቡ ቁጥር ነው፤ ለሕፃኑም ጭምር ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሷዕ፣ ማለትም ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ የሚሆን እህል። ተሰፍሮ ነው እንጂ በግምት አይዘገንም።

ስለዚህ ለአረፋ እኔም ቆጠርኩ። 120 ከረሜላ ነበር። 20ውን ዘግይተው ለሚመጡት በፌስታል ቋጥሬ ደበቅሁ። ሳህኑን ከኋላዬ አድርጌ፣ ትንንሾቹን አስቀድሜ፣ በየእጃቸው አንድ አንድ ሰጠሁ። ፀሐዩ አናቴን በላኝ፣ እግሬም ዛለ። ያቺ ልጅ ወንድሟን አዝላ የመጣችው ቀትር ላይ ነው። ፌስታሉን ፈትቼ ለሁለቱም ሰጠኋቸው።

አንድ ነገር ግን አቃተኝ። አንዱ ልጅ “ለታመመው ወንድሜም” አለኝ፤ ጨመርኩለት። ከኋላው የነበሩት ሦስቱም ወዲያው የታመመ ወንድም አወጡ! “እንግዲያው ይዛችኋቸው ኑ” ብዬ መለስኳቸው። ከሦስቱ የአንዱ እውነት ቢሆንስ? መላ ያላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡን፤ በሚቀጥለው መጽሔት እናወጣዋለን።