ማርሽ አልገባ ያለ የሰንሰለት ትራክተር፦ ካምቢዮውን ከመፍታት በፊት

አሮጌ የሰንሰለት ትራክተር ማርሽ አልገባ ብሎ ከማሳው ዳር ሲቆም ወዲያው የሚሰማው አስተያየት «ካምቢዮው ተበላሽቷል፣ ይፈታ» የሚል ነው። ይህ አስተያየት ለማኅበሩ ካዝና ቀላል አይደለም። መካኒክ ከከተማ ማስመጣት፣ ዘይት ማፍሰስ፣ ጓርኒሲዮን መቀየርና መለዋወጫ ማፈላለግ ሲከተል ዝናቡ አይጠብቅም፤ የአባላቱ ማሳም ሳይታረስ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚገኘው ከካምቢዮው ሳይሆን ከፍሪሲዮኑ ነው።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1959 የተሠራውን ካተርፒላር ዲ4 እንውሰድ። የዚህ ትራክተር ፍሪሲዮን የሚሠራው በእግር ሳይሆን በእጅ ዘንግ ነው። ዘንጉ ወደ ኋላ ሲሳብ ይይዛል፣ ወደ ፊት ሲገፋ ይለቃል። ከለቀቀ በኋላ አሁንም ገፋ ሲደረግ አንዲት ትንሽ ፍሬን ወደ ካምቢዮ የሚገባውን ዘንግ ይዛ ታቆማለች። ጥርሶቹ ያለ ጩኸት የሚገናኙት ይህ ዘንግ ሲቆም ነው። በመሆኑም የጭነት መኪና የለመደ ነጂ በጉዞ ላይ ማርሽ ልቀይር ቢል አይሆንለትም። ማረሻ የሚጎትት የሰንሰለት ትራክተር ፍሪሲዮኑ እንደተለቀቀ ይቆማል፤ ለሥራው የሚስማማው ማርሽ መመረጥ ያለበት ከመነሳት በፊት ነው።

የማኅበሩ መሪዎች ነጂውን በመጀመሪያ ማዘዝ የሚገባቸው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ፍሪሲዮኑን ለቆ ሁሉንም ማርሽ በየተራ እንዲሞክር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ በቀላሉ ከገባ፣ ሲነሳ ግን ከጮኸ ካምቢዮውን መንካት አያስፈልግም። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስቶ በዝቅተኛ ዙር ማቆየት፣ ፍሪሲዮኑን መልቀቅና ጥቂት መጠበቅ ነው። ከቆይታ በኋላ ማርሹ በጸጥታ ከገባ ያለቀችው ትንሿ ፍሬን ናት። የቱንም ያህል ቢጠበቅ ጩኸቱ ካላቆመ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም ማለት ነው።

ፍሪሲዮን የማይለቅበት ምክንያት ብዙ ነው። ላልቶ እየተንሸራተተ የቆየ ፍሪሲዮን በሙቀት ዲስኩ ይጣመማል፤ የተጣመመ ዲስክ ደግሞ እየታከከ ዘንጉን ያዞራል። ከሞተሩ በኩል የሚያፈስ ዘይት ደረቁን ፍሪሲዮን ያጣብቀዋል። ግራሶ ያልደረሰው ኩሽኔታም እንዲሁ። በትክክል የተስተካከለ ፍሪሲዮን ዘንጉ ወደ ኋላ ሲሳብ ጠንከር ብሎ «ቀጭ» እያለ ይይዛል። ይህ ከጠፋ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ትራክተሩ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ የማስተካከያው ቀለበት መቆለፊያ ላልቶ ቀለበቱ በጥቂት በጥቂቱ ይዞራል። ከመጠን በላይ ማጥበቅም ጉዳት አለው።

ሞተሩ ጠፍቶም የማርሹ ዘንግ ንቅንቅ አልል ካለ፣ ጩኸትም ከሌለ ነገሩ ሌላ ነው። ፍሪሲዮኑ ሳይለቅ ማርሽ እንዳይነካ የሚከለክል መቆለፊያ አለ፤ ይህም ከፍሪሲዮኑ ዘንግ ጋር በመገናኛ ብረት የተያያዘ ነው። የብረቱ ፒን ሲበላ ወይም ልኩ ሲዛባ መቆለፊያው አይከፈትም። እዚህ ላይ ነው አንዳንዱ ነጂ ቱቦ አስገብቶ በጉልበት የሚጎትተው፤ በሰዓት የሚስተካከለውን ወደ ተሰበረ ሹካ የሚለውጠው ይኸው ነው።

ጠዋት አስቸግሮ ሲሞቅ የሚገባ ማርሽ ግን የዘይት ጉዳይ ነው፤ ለቦታው ቅዝቃዜ የወፈረ ዘይት ተሞልቷል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ክረምቱን ያለ ሸራ የከረመ ትራክተር ላይ ይህ አይገርምም።

አንዳንድ ነጂዎች ደግሞ ሞተሩን አጥፍተው ማርሽ ካስገቡ በኋላ እንደገና ያስነሳሉ። ዲ4 በትንሽ የቤንዚን ሞተር የሚነሳ በመሆኑ ይህ ጊዜና ቤንዚን ያባክናል። ከዚህም የባሰው፣ የማይለቅ ፍሪሲዮን ያለው ትራክተር ገና ሲነሳ ወደ ፊት መንፏቀቁ ነው። ከፊቱ ማረሻ የሚያጥብቅ ወይም ግራሶ የሚሰጥ ሰው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ልማዱን መሪዎቹ በግልጽ ሊከለክሉ ይገባል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ማርሹ አሁንም ካልገባ የካምቢዮው ዘይት በንጹሕ ዕቃ ይቀዳ፤ በጣት እየታሸም ይመርመር። የብረት ስብርባሪ ከተገኘ ትራክተሩ ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ መካኒኩ ይጠራ፤ ስብርባሪውም ለእርሱ ይቀመጥለት።