ቁጥር 2044፦ የጨረቃ ጉዞ ሞተሮች እንደ ቅርስ

ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያደረሰው ሳተርን 5 ሮኬት እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ድረስ 13 ጊዜ ተወንጭፏል። ከመጀመሪያው እርከኑ ሥር አምስት ኤፍ-1 ሞተሮች ነበሩት። አምስቱም በሰከንድ 13 ቶን ገደማ ነጭ ጋዝና ፈሳሽ ኦክስጅን እያነደዱ ሮኬቱን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ከገፉ በኋላ ከእርከኑ ጋር አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ይወድቁ ነበር። የበረሩት 65 ሞተሮች ዕጣ ይኸው ስለነበር፣ ዛሬ በየሙዚየሙ ሙሉ ሆነው የሚታዩት ኤፍ-1ዎች አንድም ቀን አልበረሩም። ታዲያ ለቅርስነት የሚበልጠው የትኛው ነው? በእኔ እምነት የእንዲህ ያለ ዕቃ ክብር የሚመነጨው ከሙሉነቱና ከውበቱ ሳይሆን፣ የት እንደነበረ ከሚያረጋግጠው ማስረጃ ነው።

ለዚህ ጥሩው ምስክር ጄፍ ቤዞስ ያቋቋመው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው የባሕር ወለል ያወጣው ብረት ነው። የተጣመሙት ቱቦዎችና የተቀደዱት የሞተር አካላት ሲወጡ፣ አብዛኛው መለያ ቁጥር ጠፍቶ ወይም ተቆርጦ ስለነበር የየትኛው በረራ እንደሆኑ መናገር አልተቻለም። በካንሳስ ሃቺንሰን ከተማ በሚገኘው የኮስሞስፌር ሙዚየም ባለሙያዎች ብረቱን በአልትራቫዮሌት ብርሃን እያዩ ሲመረምሩ፣ በአንድ የማቃጠያ ክፍል ላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈ 2044 አገኙ፤ ዝገቱን ሲያነሡም ያው ቁጥር ብረቱ ላይ ተመቶ ታየ። ቁጥሩ የአምራቹ የሮኬትዳይን መለያ ነው፤ በናሳ መዝገብ 6044 ተብሎ የሚታወቀው የአፖሎ 11 መካከለኛ ሞተር ማለት ነው። አራት አኃዝ አንድን የዛገ ብረት ከጠፈርተኛው አርምስትሮንግና ከጓደኞቹ የጨረቃ ጉዞ ጋር አገናኙት። ባለሙያዎቹም ዝገቱ እንዳይቀጥል ከማድረግ አልፈው ጉዳቱን ለማቃናት አልሞከሩም፤ ትክክል አደረጉ፤ ጉዳቱ ራሱ የበረራው መዝገብ ነውና።

ለመሐንዲስ የሚጠቅመው ያልተጎዳው ሞተር ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እውነትም አለው። የናሳ መሐንዲሶች በመጋዘን የነበረን ኤፍ-1 ፈትተው አጥንተዋል፤ የኤፍ-1 ጋዝ ማመንጫም እ.ኤ.አ. በ2013 አንድደው ፈትነዋል። ነገር ግን ይህ የትምህርት መሣሪያነት ነው፤ ያ ሞተር ሰው አላጓጓዘም። የበረሩት ሞተሮች ባሕሩ ውስጥ በክብር ማረፍ ነበረባቸው የሚሉም አሉ። የጨው ውሃ ግን ሌሎቹን ቁጥሮች እንደበላ 2044ንም ይበላው ነበር። የባለሀብት ዋንጫ ሆኑ የሚለው ሥጋት ደግሞ፣ ዕቃዎቹ የናሳ ንብረት ሆነው ስለቀሩና ለሕዝብ ዕይታ ስለቀረቡ፣ ብዙም አይጸናም።

ይህ የማስረጃ መለኪያ ለግል ሰብሳቢም ይሠራል፤ ለእሱ የሚደርሱት በአብዛኛው ያልበረሩ ትንንሽ የሞተር ክፍሎች ናቸው። በእነሱ ላይ የተመታ የዕቃ ቁጥር ብረቱ እውነተኛ መሆኑን ቢጠቁምም መብረሩን አያረጋግጥም። «የበረረ» ተብሎ ለሽያጭ የሚቀርብ ቁራጭ ሲገጥመው ገዢው ከዋጋው በፊት ማን ከባሕር እንዳወጣው፣ ባለቤትነቱ እንዴት እንደተላለፈና የፍተሻ ወረቀቱ የት እንዳለ ይጠይቅ።