ናሙናው ሳይታይ የታዘዘ ዕቃ
የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የኮምፒዩተር መዝገብ ታሪክ

ናሙናውን ሳያይ ዕቃ ያዘዘ ነጋዴ ምን እንደሚያገኘው ለአስመጪዎች መንገር አያስፈልግም። የእንግሊዝ መንግሥት በፈረንጆች አቈጣጠር በ2002 የጀመረው ታላቅ ግዢ በዚሁ መንገድ የተፈጸመ ስለ ሆነ፥ ታሪኩ ለንግድ ሰዎች ሁሉ ሊታወቅ የሚገባው ነው።

የሐሳቡ መነሻ መልካም ነበር። በየሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ተደርድሮ የሚኖረው የሕመምተኛ ካርድ በኮምፒዩተር መዝገብ እንዲተካና፥ አንድ ሰው በማናቸውም የእንግሊዝ ከተማ ቢታመም ሐኪሙ የቀድሞ ሕክምናውን ወዲያው ለማየት እንዲችል ታሰበ። ለዚህም አገሪቱ በ5 ክፍል ተከፍላ፥ ጨረታው በአንድ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ተጠናቆ፥ በ2003 መጨረሻና በ2004 መጀመሪያ ላይ ብሪቲሽ ቴሌኮም፥ አክሰንቸር፥ ሲኤስሲና ፉጂትሱ የተባሉት ኩባንያዎች ተዋዋሉ። የመንግሥት ሒሳብ መርማሪው መሥሪያ ቤት በ2006 ባወጣው ሪፖርት ጠቅላላው ወጪ 12.4 ቢሊዮን ፓውንድ እንደሚደርስ ገምቷል።

ውሉ በገዢው በኩል ሲታይ ጠንካራ ይመስል ነበር፤ አቅራቢው ሥራውን አጠናቆ ካላስረከበ በቀር ገንዘብ አይቀበልም። ይሁን እንጂ ውሉ ሲፈረም ከዕቃው ብዙው ክፍል ገና አልተሠራም፤ የሚገለገሉበት ሐኪሞችና ነርሶችም በምርጫው ላይ በቂ ድርሻ አልነበራቸውም። አንዱ ሆስፒታል መድኃኒት የሚያዝበት፥ አልጋ የሚመድብበትና የላቦራቶሪ ውጤት የሚቀበልበት ልማድ ከሌላው ይለያል። ከማዕከል የተመረጠው አንድ ዓይነት ዕቃ ለሁሉ ሊስማማ አልቻለም፤ ማሻሻያ በተጠየቀ ቍጥር ቀኑ ይራዘማል፥ አቅራቢውም ክፍያ ሳያገኝ የሠራተኞቹን ደመወዝ ከራሱ ካዝና ይከፍላል። በዚህ ላይ ሐኪሞች የሕመምተኛውን ምሥጢር ማን ማን ሊያየው ነው ሲሉ መጠየቃቸው አልቀረም።

አክሰንቸር በ2006 ለሚጠብቀው ኪሳራ 450 ሚሊዮን ዶላር ከያዘ በኋላ፥ በዚያው ዓመት አብዛኛውን ሥራ ለሲኤስሲ ለቆ ወጣ። የፉጂትሱ ውል በ2008 ፈረሰ። በ2011 መንግሥቱ ፕሮግራሙ እንዲበተን ወሰነ፤ ሲኤስሲም ከዚህ የተነሣ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ኪሳራ በሒሳቡ ላይ አሳየ።

ሁሉም ግን ከሽፏል ማለት ስሕተት ነው። የራጅ ፎቶግራፍን በኮምፒዩተር የሚያሳየው መሣሪያ እስከ 2007 መጨረሻ ድረስ በመላው የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ገብቶ ነበር። ራጅ በየትም ቦታ ራጅ ነው፤ ገዢውም ሻጩም ዕቃውን አስቀድመው ያውቁት ነበር።

ኤስቶኒያ ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ በስፋት ከእንግሊዝ ጋር አትመዛዘንም። የአሠራሯ ቅደም ተከተል ግን ሊታይ የሚገባው ነው። በ2001 የየመሥሪያ ቤቱን የኮምፒዩተር መዝገቦች የሚያገናኘውን መስመር ዘረጋች፤ በ2002 የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ ካርድ ማደል ጀመረች፤ የጤናው መዝገብ ሥራውን የጀመረው በ2008 ነው። ሆስፒታሎቹ የየራሳቸውን መሣሪያ እንደ ያዙ፥ ሰነዶቻቸውን በአንድ ዓይነት ቅርጽ ወደ ማዕከል እንዲልኩ በሕግ ታዘዙ፤ ሕመምተኛውም መዝገቡን ማን እንደ ተመለከተው ራሱ ገልጦ ለማየት ይችላል።