ቦንቡ ሳይገኝ የሚጀመር ጦርነት፦ የሚወራውና እውነታው

በሰኔ 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ እስራኤል፣ ቀጥሎም አሜሪካ የኢራንን የኑክሌር ተቋማት በደበደቡ ሰሞን፣ ሸጎሌ ከአውቶቡስ ዴፖው እስከ ከብት ገበያው ድረስ የሻይ ቤቱ ወሬ ይኸው ነበር። መከራከሩ ደግ ነው። አረብ አገር ያሉ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን እሳቱ አጠገብ ናቸው፤ የነዳጅ ዋጋም እኛው ጋ ይመጣል። ችግሩ ክርክሩ በተሳሳተ ነገር ላይ ሲቆም ነው።

ተረት፦ «ያለ ማስረጃ ማን ይዋጋል? ከተዋጉማ አይተውታል።»

እውነታ፦ የኢራቅን ጉዳይ የሚያስታውስ ሰው ይህን አይልም። ጥር 28 ቀን 1995 ዓ.ም. የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት ቀርበው ሳዳም ሁሴን የኑክሌር ቦንብ ከመፈለግ እንዳልተመለሱ ተናገሩ። የካቲት 28 ቀን ደግሞ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ኃላፊ ሞሐመድ ኤልባራዳይ እዚያው ቀርበው፣ ኢራቅ ከኒጀር ዩራኒየም ልትገዛ ነበር የሚሉት ሰነዶች ትክክለኛ እንዳልሆኑ፣ የኑክሌር መርሐ ግብሯ እንደገና ስለመጀመሩም ማስረጃ እንዳላገኙ አስታወቁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጦርነቱ ተጀመረ። ከወረራው በኋላ አሜሪካ ራሷ ያሰማራችው የምርመራ ቡድን በመስከረም 1997 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የኢራቅ የኑክሌር መርሐ ግብር ከ1983ቱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ወዲህ የቆመ መሆኑን አረጋገጠ።

ይህ የሩቅ ሰው ታሪክ አይደለም። በመጋቢት 1995 ዓ.ም. ዋይት ሐውስ ይፋ ባደረገው የጦርነቱ ደጋፊ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ኤርትራም ነበረች። እርስ በርስ ተዋግተን ካቆምን ሦስት ዓመት አልሞላንም ነበር። በጥር ወር ግን የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው ጉዳዩ በተባበሩት መንግሥታት በኩል በሰላም እንዲፈታ ጠይቀዋል። ወታደር አለመላካችን እውነት ነው፤ ስማችን ግን ተጽፏል። አገሩ ስሟን ለጦርነት ስትሰጥ ማስረጃው የት አለ ብሎ መጠየቅ የዜጋ መብት ነው፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ይኸው ነው።

ተረት፦ «ዩራኒየም ያበለጸገ ሁሉ ቦንብ አለው።»

እውነታ፦ ለቦንብም ለመብራትም የሚፈለገው ዩራኒየም-235 ከመሬት በወጣው ዩራኒየም ውስጥ 0.7 በመቶ ብቻ ነው፤ ማበልጸግ ማለት ይህን ድርሻ ከፍ ማድረግ ነው። አብዛኞቹ የኑክሌር ኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ከ3 እስከ 5 በመቶ ይበቃቸዋል፤ ለቦንብ 90 በመቶ ገደማ ይፈለጋል። ኢራን እስከ 60 በመቶ የበለጸገ ከ400 ኪሎ ግራም በላይ አከማችታ ነበር። ይህን ያህል ለመብራት አያስፈልግም፤ ስለዚህ ስጋቱ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ያው ኤጀንሲ ግን ቦንብ ለመሥራት የተደራጀ ጥረት ስለመኖሩ ማረጋገጫ እንደሌለው ተናግሯል። መሥራት መቻልና ለመሥራት መወሰን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ርቀት የሚለካው ተቆጣጣሪ ነው፤ ተቆጣጣሪውን የሚያስወጣ ደግሞ ጦርነት ነው።

ተረት፦ «ተቋሙ ሲመታ ጨረሩ እኛ ጋ ይደርሳል።»

እውነታ፦ የማበልጸጊያ ተቋም ሲመታ እንደ ኑክሌር ቦንብ አይፈነዳም። ከሰኔው ድብደባ በኋላም ኤጀንሲው ከተቋማቱ ውጭ የጨረር መጠን እንዳልጨመረ ገልጿል። በሥራ ላይ ያለ የኑክሌር ማመንጫ ቢመታ ግን አደጋው ሌላ ነው።

ተረት፦ «ቦንብን የሚያስቆመው ድብደባ ብቻ ነው።»

እውነታ፦ እስራኤል ግንቦት 30 ቀን 1973 ዓ.ም. ባግዳድ አጠገብ የነበረውን የኦሲራክ ማብላያ አፈረሰች። ኢራቅ ሥራውን በድብቅ አስፋፍታ ቀጠለች። ምን ያህል እንደተጓዘች የታወቀው ከ1983ቱ ጦርነት በኋላ ተቆጣጣሪዎች ገብተው ሲፈትሹ ነው፤ የተረፈውንም ያፈራረሱት እነሱ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ የሠራቻቸውን ስድስት ቦንቦች ማንም ሳይደበድባት ፈታች፤ ፕሬዚዳንት ደ ክለርክ በመጋቢት 1985 ዓ.ም. ለፓርላማቸው ይህን ሲናገሩ ተቆጣጣሪዎቹ ገብተው መዝገቡንና ቦታውን መረመሩ።

አፍሪካን ከኑክሌር መሣሪያ ነጻ የሚያደርገው የፔሊንዳባ ስምምነት ከሐምሌ 2001 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ኢትዮጵያም አጽድቃዋለች። ስምምነቱ ቦንብ መሥራትን ብቻ ሳይሆን፣ በአህጉሩ ውስጥ ያለን የኑክሌር ተቋም በጦር መሣሪያ ማጥቃትንም በ11ኛው አንቀጹ ይከለክላል።