የሂንዲ ሲኒማ ክብረ ወሰን በቲኬት ይቆጠር

እ.ኤ.አ. 2023 ለሂንዲ ሲኒማ የድል ዓመት ተባለ። ሻሩክ ካን ለአራት ዓመታት ያህል በመሪ ተዋናይነት ሳይታይ ቆይቶ በጃንዋሪ በ«ፓታን»፣ በሴፕቴምበር ደግሞ በ«ጃዋን» ተመለሰ፤ ሁለቱም ፊልሞች በዓለም ዙሪያ በየፊናቸው ከ1,000 ክሮር ሩፒ በላይ አስገቡ። ህንዶች በክሮር ይቆጥራሉ፤ አንድ ክሮር 10 ሚሊዮን ማለት ነው። ኦርማክስ ሚዲያ የተባለው የጥናት ድርጅት እንዳሰላው፣ በዚያ ዓመት የህንድ ሲኒማ ቤቶች በሁሉም ቋንቋዎች የሰበሰቡት ገቢ 12,226 ክሮር ሩፒ ደርሶ እስከዚያ ጊዜ ታይቶ የማይታወቅ ሆነ። የዚሁ ድርጅት ሌላኛው ቁጥር ግን የፊት ገጽ ዜና አልሆነም። በ2019 የተሸጠው ቲኬት 103 ክሮር ገደማ ሲሆን በ2023 ወደ 94 ክሮር ወርዷል። የአንድ ቲኬት አማካይ ዋጋ በአንጻሩ ከ106 ወደ 130 ሩፒ ከፍ ብሏል። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2024፣ የቲኬቱ ብዛት ጭራሽ ወደ 88 ክሮር አሽቆልቁሏል። ገንዘቡ የጨመረው ሕዝቡ ስለበዛ አልነበረም፤ የቀረው ሕዝብ የበለጠ ስለከፈለ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህ ይነሳል። በሩፒ የሚቆጠር ክብረ ወሰን የፊልምን ታላቅነትም ሆነ የኢንዱስትሪውን ጤንነት አይናገርም፤ ከሁሉ በፊት የሚናገረው የቲኬትን ዋጋ ነው። ሂንዲ ሲኒማ ራሱን የሕዝብ ጥበብ ነኝ እስካለ ድረስ መለኪያው የተሸጠ ቲኬት መሆን አለበት። ነገሩ ለስታቲስቲክስ ብቻ የሚተው አይደለም። አንድ ኢንዱስትሪ ራሱን የሚለካበት ሚዛን ለማን እንደሚሠራም ይወስናል፤ ያለፉት ሃያ ዓመታት ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሳምንት ወደ ክሮር

ቀድሞ የፊልም ስኬት የሚለካው በሳምንት ነበር። 25 ሳምንት በአንድ አዳራሽ የቆየ ፊልም የብር ኢዮቤልዩ፣ 50 ሳምንት የደፈነ የወርቅ ኢዮቤልዩ ይከበርለት ነበር። ተዋናዩ ራጄንድራ ኩማር ፊልሞቹ ተከታትለው እዚህ ማዕረግ ስለሚደርሱ «ጁቢሊ ኩማር» የሚል ቅጽል ወጥቶለታል። በ1943 የወጣው «ኪስመት» በካልካታው ሮክሲ ሲኒማ ከሦስት ዓመት በላይ ታይቷል። በ1960 የተመረቀው የኬ. አሲፍ «ሙጋል ኤ አዛም» የያዘው የገቢ ክብረ ወሰን ለ15 ዓመታት አልተደፈረም። እሱን የደፈረው «ሾሌይ» በኦገስት 15 ቀን 1975 ሲወጣ መጀመሪያ የገጠመው ቀዝቃዛ አቀባበል ነበር፤ ሐያስያንም አልወደዱለትም። ያየው ላላየው እየነገረ ግን አዳራሹ ሞላ፣ በቦምቤይ ሚነርቫ ሲኒማ ቤትም ከአምስት ዓመት በላይ ቆየ። የሳምንት ቆጠራ ጉድለት ነበረበት፤ ኮፒው ጥቂት በሆነበት ዘመን አንድ ፊልም ረጅም ጊዜ መቆየቱ የግድም ነበር። ያም ሆኖ አንድ እውነት ይዞ ነበር፦ ፊልም የሚከብረው ሰው እየተመላለሰ ሲያየው፣ ከተማው አይቶ ሲጨርስ ገጠሩ ሲከተል ነው።

ሚዛኑ የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። በ1994 የሱራጅ ባርጃትያ «ሁም አፕኬ ሄ ኮን» በጥቂት አዳራሾች ብቻ ተጀምሮ፣ የቪዲዮ ካሴቱ ሆን ተብሎ እንዲዘገይ ተደርጎ፣ ቤተሰብ በሙሉ ወደ ሲኒማ ቤት እንዲመለስ አደረገ፤ ከ100 ክሮር ሩፒ በላይ ያስገባ የመጀመሪያው የህንድ ፊልምም ተባለ። በ1997 በኒው ዴልሂ ሳኬት ሰፈር የአገሪቱ የመጀመሪያ ማልቲፕሌክስ (ብዙ አዳራሾች ያሉት ሲኒማ ቤት)፣ ፒቪአር አኑፓም፣ ተከፈተ። በ1998 መንግሥት ለፊልም ሥራ የኢንዱስትሪነት እውቅና ሰጠ፤ ከዚያ በኋላ ባንክና ኩባንያ በገንዘብ ምንጭነት ገቡ። ባለሀብት ደግሞ በሳምንት አይቆጥርም። በ2008 የአሚር ካን «ጋጂኒ» በአገር ውስጥ ከታክስ በኋላ 100 ክሮር ሲያልፍ «የ100 ክሮር ክለብ» የሚባል ነገር ተወለደ። በቀጣዩ ዓመት «3 ኢዲየትስ» 200ን፣ በ2014 «ፒኬ» 300ን ተሻገሩ። በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ክለብ መከፈቱ የእድገት ምልክት ሆኖ ተቆጠረ።

አሁን ሁለቱን ሚዛኖች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። የገበያው ገማቾች እንደሚሉት «ሁም አፕኬ ሄ ኮን» በህንድ ውስጥ ከ7 ክሮር በላይ ቲኬት ሸጧል፤ ከታክስ በኋላ የሰበሰበው ግን 70 ክሮር ሩፒ ቢያልፍ በጥቂት ነው። «ጃዋን» በአገር ውስጥ ከታክስ በኋላ 640 ክሮር ገደማ አስገብቷል፤ የሸጠው ቲኬት ግን 4 ክሮር እንደማይሞላ ይገመታል። በገንዘብ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ የበለጠው ፊልም በተመልካች ግማሽ ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል የህንድ ሕዝብ ከ95 ክሮር ገደማ ወደ 143 ክሮር ማደጉን ስንጨምርበት ልዩነቱ ይብስ ይሰፋል። በ2001 የወጣው «ጋዳር» ከ5 ክሮር በላይ ቲኬት እንደሸጠ ይገመታል፤ ነገር ግን የተጣራ ገቢው 77 ክሮር ገደማ ስለነበር በማንኛውም የክሮር ክለብ ውስጥ ስሙ የለም። ሰሜን ህንድን ያጥለቀለቀ ፊልምን ከመዝገብ የሚያስቀር መዝገብ፣ መዝገብነቱ ያጠራጥራል።

ቁጥሩ የማይናገረው

የገንዘቡ ቁጥር ራሱም አንድ ቁጥር አይደለም። 236 ሩፒ የተከፈለበትን ቲኬት እንውሰድ። ከ100 ሩፒ በላይ በሚሸጥ ቲኬት ላይ 18 በመቶ የሸቀጦችና አገልግሎቶች ግብር ስለሚጣል 36 ሩፒው ለመንግሥት ይሄዳል። ስለዚህ ጠቅላላ ገቢው 236፣ የተጣራው 200 ነው። ከዚህ ላይ ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ሲያነሳ ለአከፋፋዩ የሚተርፈው 100 ገደማ ይሆናል። አንዱ ፊልም በጠቅላላው፣ ሌላው በተጣራው ሲነገርለት አንባቢ የማይመሳሰለውን እያመሳሰለ ነው። የውጭ ገቢ ሲጨመር ነገሩ ይባስ ይወሳሰባል። በ1975 አንድ የአሜሪካ ዶላር 8 ሩፒ ገደማ ነበር፤ በ2023 ከ80 ሩፒ አልፏል። ያው አንድ ዶላር ወደ ሩፒ ሲመነዘር አሥር እጥፍ «ስኬት» ይሆናል ማለት ነው። በ2017 «ዳንጋል» በቻይና 1.3 ቢሊዮን ዩዋን ገደማ አስገብቶ በዓለም አቀፍ ገቢ የህንድ ፊልሞች ሁሉ ቁንጮ ሆነ። ይህ ታላቅ ክንውን ነው። ሆኖም በቻይና ሥርዓት የውጭ ፊልም ባለቤት የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ ይህን ርዕሰ ዜናው አይናገርም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው ቆጣሪው ማን ነው የሚለው ነው። በደቡብ ኮሪያ የፊልም ምክር ቤቱ የቲኬት ሽያጭን ከሲኒማ ቤቶች በቀጥታ እየሰበሰበ ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል፤ ኮሪያውያን ስለ አንድ ፊልም ሲያወሩ «10 ሚሊዮን ሰው አየው» ይላሉ። ፈረንሳይም የፊልምን ስኬት የምትቆጥረው በገባው ሰው ብዛት ነው። በህንድ እንዲህ ያለ ይፋዊ ማዕከል የለም። ቁጥሩን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ራሱ ፊልም ሠሪው ነው፤ የንግድ ዘጋቢዎች የየራሳቸውን ግምት ይዘው ይከራከራሉ፣ የሁለት ወገን ቁጥሮችም በብዙ ክሮር ይራራቃሉ። ቲኬት በጅምላ እየተገዛ ባዶ ወንበር «ተሸጠ» የሚባልበት አሠራርም በተደጋጋሚ ሲነሳ የቆየ ቅሬታ ነው። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንዲሉ፣ ያልተጣራ ቁጥር የሚወልደው ያልተጣራ ውሳኔን ነው።

ውሳኔው ምን እንደሆነ ደግሞ ገቢን ለመከፋፈል ከተደረሰው ስምምነት ይታያል። በ2009 ፊልም ሠሪዎችና የማልቲፕሌክስ ባለቤቶች በገቢ ክፍፍል ተጣልተው ለሁለት ወራት አዲስ ትልልቅ ፊልሞች ሳይወጡ ቀሩ። እርቁ ሲወርድ የፊልሙ ወገን ድርሻ በመጀመሪያው ሳምንት 50 በመቶ፣ በሁለተኛው 42.5፣ በሦስተኛው 37.5፣ ከዚያ በኋላ 30 እንዲሆን ተወሰነ። ስለዚህ ለአምራቹ የመጀመሪያው ሳምንት ቲኬት ከአራተኛው ሳምንት ቲኬት እጅግ ይበልጣል። ውጤቱ ግልጽ ነው፦ በሺዎች በሚቆጠሩ አዳራሾች በአንድ ቀን መክፈት፣ በበዓል ቀን መውጣት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዋጋን መስቀል። «ሾሌይ» ዛሬ ቢወጣ በቀዝቃዛ አቀባበሉ ምክንያት በሁለተኛው ሳምንት ከብዙ አዳራሾች ሊነሳ ይችል ነበር። በአፍ በአፍ ለሚያድግ ፊልም የሚሆን ጊዜ ከገበያው እየጠፋ ነው።

ጊዜ ብቻ ሳይሆን ወንበርም እየጠፋ ነው። ህንድ ያላት የሲኒማ አዳራሽ 10,000 ገደማ ነው፤ በሕዝብ ብዛት የምትቀራረባት ቻይና ከ80,000 በላይ አላት። በኡታር ፕራዴሽና በቢሃር፣ ማለትም የሂንዲ ተናጋሪው ሕዝብ በበዛባቸው ግዛቶች፣ በርካታ ነጠላ አዳራሾች ተዘግተዋል፤ በምትካቸው በትልልቅ ከተሞች የገበያ ማዕከሎች ውስጥ ውድ አዳራሾች ተከፍተዋል። ለነዚህ አዳራሾች ደንበኛ የሚሠራ ፊልም የገጠሩንና የትንሿን ከተማ ተመልካች መርሳቱ አይቀርም። ተመልካቹም ሌላ መጠጊያ አገኘ። በ2017 የቴሉጉው «ባሁባሊ 2» በሂንዲ ተተርጉሞ ከታክስ በኋላ 500 ክሮር በማለፍ የመጀመሪያው ሆነ። በዲሴምበር 2024 የወጣው «ፑሽፓ 2» የሂንዲ ቅጂው ብቻ ከ800 ክሮር በላይ ሰብስቦ፣ በሂንዲ የተሠሩትን እስከዚያ ድረስ የነበሩ ፊልሞች ሁሉ በለጠ። በዚያው ዓመት ከሂንዲ ፊልም ገቢ ውስጥ 31 በመቶው ከደቡብ ቋንቋዎች ከተተረጎሙ ሥራዎች የመጣ መሆኑን ኦርማክስ አስልቷል። የሂንዲ ፊልም ሠሪዎች የተዉትን ሕዝብ የቴሉጉ ፊልም መናኸሪያ የሆነው ሃይደራባድ አነሳው።

ተቃውሞዎቹ

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሱ ጠንካራ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ በ1975 ወይም በ1994 ለሰው ከሲኒማ ሌላ ብዙ አማራጭ አልነበረውም፤ ዛሬ ቴሌቪዥን፣ ሞባይልና የኢንተርኔት ፊልም አገልግሎት እያለ የቲኬት መቀነስ የዘመኑ ግዴታ ነው የሚል ነው። አማራጭ መብዛቱ እውነት ነው፤ ስለዚህም የቲኬት ቁጥር የአሁኑን ፊልም ሠሪ ለመውቀሻ ሊውል አይገባም። ነገር ግን ግዴታ ነው የሚለውን የሚያፈርስ ማስረጃ አለ። በሴፕቴምበር 23 ቀን 2022 የማልቲፕሌክስ ማኅበሩ ባዘጋጀው ብሔራዊ የሲኒማ ቀን ቲኬት በ75 ሩፒ ሲሸጥ፣ በአንድ ቀን ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ሰው አዳራሽ ገባ። ሞባይሉም ኢንተርኔቱም ያን ቀን አልተዘጉም፤ የተለወጠው ዋጋው ነበር። የአንድ ቀን ቅናሽ ዓመቱን ሙሉ ያንኑ ያስገኛል ማለት ባይቻልም፣ ሕዝቡ ሲኒማን እንዳልጠላ ግን ያስረዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የቀድሞው የቲኬት ቁጥር ራሱ ግምት ነው፣ በግምት ላይ ክብረ ወሰን አይቆምም ይላል። ትክክል ነው፤ «ሾሌይ» ስንት ቲኬት እንደሸጠ የሚነገረው ቁጥር ከገማች ገማች ይለያያል። ሆኖም የቀድሞው ገንዘብም ያው ግምት ነው፤ የሁለቱም ምንጭ አንድ ሆኖ ሳለ ገንዘቡን አምኖ ቲኬቱን መጠራጠር አያስኬድም። ጭራሽ ያልተመዘገበም ተመልካች ሞልቷል፤ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችና ቪዲዮ ቤቶች የህንድን ፊልም ለአሥርት ዓመታት ያየው ኢትዮጵያዊ በማንም መዝገብ የለም። ያለፈውን በግምትነቱ እንያዘው። ከዛሬ ጀምሮ ያለው ግን ቲኬት በኮምፒዩተር በሚሸጥበት ዘመን ግምት የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ ደመወዝ የሚከፈለው በገንዘብ እንጂ በተመልካች ብዛት አይደለም የሚለው ነው። ፊልም ንግድም መሆኑን ማንም አይክድም። ግን ለነጋዴው የሚጠቅመው ቁጥር ከወጪው አንጻር የደረሰው ድርሻ እንጂ ጠቅላላ ገቢው አይደለም፤ 300 ክሮር አስገብቶ የከሰረ ፊልም ሊኖር ይችላል፣ 60 ክሮር አስገብቶ ያተረፈም አለ። ስለዚህ የክሮር ክለቡ ለነጋዴውም ትክክለኛ ሒሳብ አይሰጥም፣ ለታሪክ ጸሐፊውም የተመልካችን መጠን አይነግርም። የሚያገለግለው ማስታወቂያን ብቻ ነው። የቲኬት ብዛት ግን ለነጋዴውም የነገውን ይነግረዋል፦ ዋጋ እየጨመረ የተመልካች ቁጥር እየወረደ የሚሄድ ገበያ ዋጋ መጨመር የማይቻልበት ቀን ላይ መድረሱ አይቀርም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የህንድ መንግሥት ከእያንዳንዱ ቲኬት ግብር ይሰበስባል፤ ግብር ካለ ደረሰኝ አለ፣ ደረሰኝ ካለ ቁጥር አለ። ኮሪያ እንዳደረገችው ያን ቁጥር ሰብስቦ በየሳምንቱ ለሕዝብ ማውጣት የሕግና የፈቃደኝነት ጉዳይ እንጂ የአቅም ጉዳይ አይደለም። የንግድ ዘጋቢዎችም ገቢን ሲጽፉ ጠቅላላ ይሁን የተጣራ ይለዩ፣ አጠገቡም የቲኬቱን ብዛት ያኑሩ። አንባቢም ቀጣዩ ታላቅ ክብረ ወሰን ተሰበረ ሲባል አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ስንት ሰው አየው? ለዚህ መልስ የሌለው ክብረ ወሰን የዋጋ ዝርዝር እንጂ ክብር አይደለም።